ሃሪ ፈርጉሰን፦ ማረሻን ከትራክተር ጋር አዋህዶ የአራሹን ሕይወት የታደገ የገበሬ ልጅ

ዛሬ በማሳ ላይ ከሚሠሩት ትራክተሮች ከአብዛኞቹ ኋላ ቆሞ የተመለከተ ሰው ሦስት የብረት ክንዶችን ያያል። ሁለቱ ከታች፣ አንዱ ከላይ ናቸው። ማረሻውም፣ መከስከሻውም፣ መዝሪያውም የሚያያዘው በእነዚሁ ነው። ትራክተሩ የየትኛውም አገር ሥሪት ቢሆን የክንዶቹ አቀማመጥ ያው ነው። ብዙ ኦፕሬተሮች ክንዶቹ መሣሪያ ለማንሳትና ለማውረድ ብቻ የተሠሩ ይመስላቸዋል። ክንዶቹ ግን ከዚህ የሚበልጥ ሥራም አላቸው፤ ማረሻው በድንጋይ ወይም በሥር ሲያዝ ትራክተሩ ወደ ኋላ ተገልብጦ አሽከርካሪውን እንዳይጨፈልቅ ይከላከላሉ።

ይህን አሠራር ለዓለም ያበረከተው ሃሪ ፈርጉሰን የተባለ የአየርላንድ ገበሬ ልጅ ነው። በአገራችንም ማሴ ፈርጉሰን የሚል ስም የተጻፈባቸው ትራክተሮች ለአርሶ አደሩ እንግዳ አይደሉም። ስሙን የሚያውቀው ብዙ ቢሆንም ሰውየውንና ሥራውን የሚያውቀው ጥቂት ነው። የሕይወቱ ታሪክ ዛሬ በትራክተር ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሁሉ የሚጠቅም ትምህርት አለው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእርሻ ሥራ ያልወደደው ልጅ

ሃሪ ፈርጉሰን ኖቬምበር 4 ቀን 1884 በሰሜናዊ አየርላንድ፣ በዳውን አውራጃ፣ ድሮሞር ከተባለች ከተማ አጠገብ በምትገኝ ግሮዌል በምትባል መንደር ተወለደ። ወላጆቹ በእርሻ የሚተዳደሩ ነበሩ፤ ከወለዷቸው 11 ልጆች እሱ አራተኛው ነው። ቤተሰቡ በሃይማኖቱ ጥብቅ፣ በሥራውም ብርቱ ነበር።

ሃሪ በ14 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ በአባቱ እርሻ ላይ መሥራት ጀመረ። ይሁን እንጂ ሥራውን አልወደደውም። በፈረስ ማረስ፣ ከብት መጠበቅና ጭቃ ውስጥ መዋል ለአካሉም ለመንፈሱም ከበዱት። በኋላ ዘመኑ የገበሬውን ሸክም የሚያቀል መሣሪያ ለመሥራት ያን ያህል የደከመው የዚያን ሸክም ክብደት በልጅነት ትከሻው ላይ ስለሚያውቀው ነው ማለት ይቻላል።

በ1902 ከእርሻው ወጥቶ ታላቅ ወንድሙ ጆ ቤልፋስት ከተማ ውስጥ በከፈተው የብስክሌትና የመኪና መጠገኛ ተቀጠረ። እዚያ የሞተርን ጠባይ በጆሮው መለየት ለመደ። በሞተር ብስክሌትና በመኪና ውድድር እየተሳተፈ ለጋራዡ ስም አስገኘለት።

ቀጥሎ ልቡ ወደ በረራ አዘነበለ። አውሮፕላን ለዓለም ገና አዲስ ነገር በነበረበት ዘመን በራሱ እጅ ሠርቶ ዲሴምበር 31 ቀን 1909 ሂልስቦሮ በተባለ ቦታ 120 ሜትር ገደማ በረረ። በዚህም አየርላንድ ውስጥ በራሱ አውሮፕላን የበረረ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በሙከራዎቹ ከአንድ ጊዜ በላይ ተከስክሷል፤ ሕይወቱ ግን ተረፈች። ወንድሙ የበረራውን አደጋና ወጪ አልወደደለትም። ሁለቱ ወንድማማቾች ተለያዩና ሃሪ በ1911 በቤልፋስት የራሱን የመኪና መሸጫና መጠገኛ ከፈተ። ለረጅም ዘመን የሥራ አጋሩ የሆነው ዊሊ ሳንድስ የተባለ ብልህ መካኒክም አብሮት ነበር። በ1913 ሞሪን ዋትሰን የተባለችውን ወጣት አግብቶ አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

ጦርነቱና የረሃብ ስጋት

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ወደ ብሪታኒያና አየርላንድ እህል የሚያመጡትን መርከቦች ማስመጥ ያዙ። የሚታረሰውን መሬት ማስፋት ግድ ሆነ። ፈረሶቹና ወጣቶቹ ደግሞ ለጦርነቱ ተወስደዋል። ስለዚህ ትራክተር ከአሜሪካ ማስገባት ተጀመረ። ፈርጉሰንም ከአሜሪካ የመጣ አንድ ዓይነት ትራክተር ይሸጥ ነበር።

በ1917 የአየርላንድ የእርሻ ቦርድ በመንግሥት ሥር ያሉት ትራክተሮች አሠራር እንዲሻሻል ፈርጉሰንን ጠየቀው። ፈርጉሰንና ሳንድስ ከማሳ ማሳ እየዞሩ ማረሻ እያስተካከሉ፣ ከገበሬው ጋር እየዋሉ ችግሩን በዓይናቸው አዩ። በዚያን ጊዜ የነበረው ትራክተር ፈረስን የተካ ጎታች እንጂ ሌላ አልነበረም። ማረሻው በሰንሰለት ወይም በመጎተቻ ብረት ከኋላው ታስሮ ይጎተታል። ትራክተሩ ለብቻው አንድ ነገር፣ ማረሻው ለብቻው ሌላ ነገር ነበር።

ፈርጉሰን ከዚያ ጉዞ የተመለሰው አንድ ሐሳብ ይዞ ነው። ጉድለቱ በትራክተሩ ብቻ ወይም በማረሻው ብቻ ሳይሆን ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ላይ እንደሆነ ተገነዘበ። ሁለቱ እንደ አንድ አካል ሆነው መሥራት እንዳለባቸው አመነ። ቀሪው ዕድሜው በአብዛኛው ለዚህ ሐሳብ የዋለ ነው።

ወደ ኋላ የሚገለበጠው ትራክተር

በዚያው በ1917 ሄንሪ ፎርድ ፎርድሰን የተባለውን ትራክተር በብዛት ማምረት ጀመረ። ፎርድሰን ከቀደሙት ቀላል፣ ዋጋውም ዝቅተኛ ስለነበር በአጭር ጊዜ ውስጥ በብዙ አገሮች ተሰራጨ። ነገር ግን አስፈሪ ጠባይ ነበረው፤ ወደ ኋላ ይገለበጥ ነበር። በ1920ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ይታተም የነበረ አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ በዚህ ትራክተር የሞቱ ሰዎችን ቁጥር ከመቶ በላይ አድርሶ አውጥቷል።

አደጋው የሚደርስበትን መንገድ በበሬ የሚያርስ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። በበሬ ሲታረስ ማረሻው ድንጋይ ወይም የዛፍ ሥር ከያዘው በሬዎቹ ይቆማሉ። አራሹም እርፉን ነቅነቅ አድርጎ ማረሻውን ያስለቅቃል። ሞተር ግን እንደ በሬ አይደለም፤ መያዙን አያውቅም። ማረሻው ተይዞ የኋላ ጎማዎቹ ወደፊት መዞር ሲያቅታቸው ሞተሩ ኃይሉን በሌላ በኩል ያወጣዋል። ጎማውን ማዞር ስላልቻለ የትራክተሩን አካል በኋላ ጎማው ዘንግ ዙሪያ ያዞረዋል። የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ይነሳሉ፤ ትራክተሩ እንደ ደነገጠ ፈረስ ቀጥ ብሎ ይቆምና በአሽከርካሪው ላይ ይወድቃል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው በሰከንድ ተኩል ውስጥ ነው። የፊት ጎማዎቹ ከተነሱ በኋላ ሦስት አራተኛ ሰከንድ ያህል ሲያልፍ ትራክተሩ ከማይመለስበት ደረጃ ይደርሳል። አንድ ሰው አደጋውን አይቶ፣ ገብቶት፣ እግሩን ወደ ፍሪሲዮን እስኪልክ የሚወስድበት ጊዜም ከዚህ የሚያንስ አይደለም። ማረሻው ወይም ጭነቱ የታሰረበት ቦታ ከፍ ባለ መጠን ደግሞ የፊት ጎማዎቹ ይበልጥ በቀላሉ ይነሳሉ።

በዚያን ጊዜ ብዙዎች ጥፋቱን በአሽከርካሪው ቸልተኝነት ያሳብቡ ነበር። ሌሎች ትራክተሩ እንዳይነሳ ክብደቱን መጨመር ይሻላል አሉ። ፎርድሰን ላይም በኋላ ወደ ኋላ የተዘረጋ ረጅም የጎማ ሽፋን ተገጠመ፤ ትራክተሩ ሲነሳ ሽፋኑ መሬት ይዞ እንዲያስቆመው ነበር። ፈርጉሰን ግን መፍትሔውን የፈለገው ከማያያዣው ነው።

ሦስቱ ክንዶች

ፈርጉሰንና ባልደረቦቹ በመጀመሪያ ለፎርድሰን የሚሆን ማረሻ ሠሩ። ማረሻው የሚያያዘው አንዱ ከላይ አንዱ ከታች በሆኑ ሁለት ብረቶች ነበር። በዚህ አያያዝ ማረሻው ከትራክተሩ ጋር ስለሚጣበቅ ትራክተሩ ወደ ኋላ ሊነሳ ሲል የላይኛው ብረት ያግደዋል። ይህ ማረሻ ከ1925 ጀምሮ በአሜሪካ፣ በኢንዲያና ግዛት፣ ኤቫንስቪል ከተማ በተቋቋመ ፋብሪካ ይመረት ነበር። ፎርድ በ1928 ትራክተር ማምረቱን ከአሜሪካ ሲያነሳ ግን የማረሻው ገበያ ጠፋ። ፈርጉሰን ከባዶ ለመጀመር ተገደደ።

ከብዙ ሙከራ በኋላ ሥራው በሁለት የታችኛ ክንዶች፣ በአንድ የላይኛ ክንድና በሃይድሮሊክ ኃይል ተጠቃለለ። አሠራሩ እንዲህ ነው። አፈሩ ማረሻውን ከታች ወደ ኋላ ይይዘዋል። የታችኞቹ ሁለት ክንዶች ወደፊት ይጎትቱታል። በዚህ ጊዜ የማረሻው አናት ወደፊት ሊደፋ ስለሚሞክር የላይኛውን ክንድ ወደ ትራክተሩ ይገፋል። ግፊቱ የትራክተሩን ፊት ወደ መሬት የሚጫን ነው። ማረሻው ይበልጥ በተያዘ ቁጥር ግፊቱም ይበረታል። ስለዚህ ቀድሞ ትራክተሩን ይገለብጥ የነበረው ኃይል አሁን ፊቱን መሬት ላይ የሚያጸናው ሆነ።

የላይኛው ክንድ ሌላም ተግባር አለው። ግፊቱ ሲበረታ ከጀርባው ያለውን ጠንካራ ሞላ ተጭኖ የሃይድሮሊኩን መቆጣጠሪያ ያንቀሳቅሳል። አፈሩ ሲጠነክር ሃይድሮሊኩ ማረሻውን በጥቂቱ ከፍ ያደርገዋል፤ ሲላላ ይመልሰዋል። በበሬ እርሻ የአራሹ እጅ በእርፍ ላይ የሚሠራውን ሥራ በትራክተር ሃይድሮሊኩ ይሠራዋል ማለት ነው። ማረሻው ከተደበቀ ድንጋይ ጋር በድንገት ቢጋጭ ደግሞ በኋላ ጎማዎቹ ላይ ያረፈው የማረሻው ክብደት ይቀንሳል። ጎማዎቹም መሬቱን መቆንጠጥ ትተው ባሉበት ይሽከረከራሉ፤ ትራክተሩ ሳይገለበጥ ይቆማል።

እርግጥ ነው፣ ፈርጉሰን የተነሳው ደህንነትን ብቻ ብሎ አልነበረም። ቀላል ትራክተር ከባድ ሥራ እንዲሠራ፣ ድሃው ገበሬም ሊገዛው እንዲችል ይፈልግ ነበር። የማረሻውን ክብደት ለጎማው ቁንጥጫ ማዋል ከተቻለ ትራክተሩን በብረት ማክበድ አያስፈልግም። ርካሽነትም፣ ጥሩ እርሻም፣ የአሽከርካሪው ደህንነትም ከአንድ አያያዝ ተገኙ።

ከሙከራ ወደ ማሳ

በ1933 ሐሳቡን ሁሉ ያካተተ ትራክተር ቤልፋስት ውስጥ ተሠራ። ጥቁር ቀለም ስለተቀባ ጥቁሩ ትራክተር ተባለ፤ ዛሬ ለንደን በሚገኘው የሳይንስ ሙዚየም ይገኛል። ከ1936 ጀምሮ ዴቪድ ብራውን ከተባለው የእንግሊዝ ባለፋብሪካ ጋር ሆኖ ለገበያ አቀረበው። ትራክተሩና ለእሱ ብቻ የሚሆኑት መሣሪያዎች አንድ ላይ ሲገዙ ዋጋቸው ከፎርድሰን ስለሚበልጥ ሽያጩ አዘገመ። የተመረተው 1,350 ያህል ብቻ ነው። ሁለቱ ሰዎችም በአሠራር አልተስማሙም።

ፈርጉሰን ጠባዩ ቀላል ሰው አልነበረም። ንጽሕናና ሥርዓት አጥብቆ ይወዳል፤ የተዝረከረከ ነገር አይታገሥም። ሐሳቡን ለማስለወጥ የሞከረውን ሁሉ ይጋፈጣል። ነገር ግን ትራክተሩን ለሰው ሲያሳይ የሚያህለው አልነበረም። በገመድ በታጠረ ጠባብ ቦታ ውስጥ እያረሰና እየዞረ ማዕዘኑን ሳይቀር አርሶ ይወጣ ነበር።

በኦክቶበር 1938 ትራክተሩንና መሣሪያዎቹን በመርከብ ጭኖ ወደ አሜሪካ ወሰደ። በዲርቦርን፣ በሄንሪ ፎርድ መሬት ላይ ሠርቶ አሳየ። ሁለቱም የገበሬ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም የእርሻን ድካም ያውቃሉ። በዚያው ቀን ውል ሳይጽፉ በመጨባበጥ ብቻ ተስማሙ። ፎርድ ያመርታል፣ ፈርጉሰን ይሸጣል ተባለ። ከዚህ ስምምነት የተገኘው ትራክተር በጁን 1939 ለሕዝብ ቀረበ። የዚህ ትራክተርና የተከታዩ ቁጥር እስከ 1947 ከ300,000 በላይ ደርሷል።

በዚያ የ1939 ምረቃ ላይ ትራክተሩ ምን ያህል ቀላልና ታዛዥ እንደሆነ ለማሳየት የ8 ዓመት ልጅ እንዲያርስበት ተደርጎ ነበር። በዘመኑ ተመልካቹ በአድናቆት አጨበጨበ። ዛሬ ይህ የሚደነቅ ሳይሆን የሚወገዝ ነው። መሣሪያው ምንም ቢታዘዝ ልጅ እግሩ ፔዳሉን በሙሉ ኃይል አይረግጥም፤ አደጋ ሲመጣም ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም። በብዙ አገሮች በትራክተር ከሚሞቱት መካከል ልጆች መኖራቸው በአሳዛኝ ሁኔታ ተረጋግጧል። ታላቁ መሐንዲስ ማያያዣውን አስተካክሎ ወንበሩ ላይ ማን መቀመጥ እንዳለበት ግን በዚያ ቀን ዘንግቷል።

ግራጫዋ ትራክተር

ሄንሪ ፎርድ ሥልጣኑን ለልጅ ልጁ ካስረከበ በኋላ የመጨባበጡ ስምምነት ፈረሰ። የፎርድ ኩባንያ በፈርጉሰን አሠራር የራሱን ትራክተር ማምረትና መሸጥ ሲቀጥል ፈርጉሰን በ1948 የ251 ሚሊዮን ዶላር ክስ መሠረተ። ጉዳዩ አራት ዓመት ከፈጀ በኋላ በ1952 በ9.25 ሚሊዮን ዶላር በስምምነት ተዘጋ።

በዚህ መሐል ፈርጉሰን በእንግሊዝ፣ ኮቨንትሪ ከተማ፣ ባነር ሌን በተባለ ቦታ በሚገኝ ፋብሪካ ከ1946 ጀምሮ ቲኢ 20 የተባለችውን ግራጫ ትራክተር እያስመረተ ነበር። ክብደቷ ከአንድ ቶን ጥቂት የሚበልጥ ነው። እስከ 1956 ድረስ 517,000 ያህል ተመርተው ወደ ብዙ የዓለም አገሮች ተላኩ።

በዚህች ትራክተር ላይ የፈርጉሰን ጥንቃቄ በትናንሽ ነገሮች ሳይቀር ይታያል። ሞተሩ የሚነሳው በማርሽ ዘንጉ ነው። ዘንጉ ለማስነሻ ወደተዘጋጀለት ቦታ ካልተገፋ ሞተሩ አይነሳም፤ እዚያ ቦታ ላይ ሳለ ደግሞ ማርሽ ሊገባ አይችልም። ስለዚህ አንድ ሰው ማርሽ እንደገባ ረስቶ ሞተር አስነስቶ ከፊቱ የቆመውን ሰው የሚገጭበት ዕድል ተዘጋ። ከትራክተሯ ጋር የሚሰጠው የብሎን መፍቻም ለዕለት ሥራ የሚያስፈልጉትን ብሎኖች የሚፈታ ከመሆኑ በላይ መለኪያ ተቀርጾበታል፤ ገበሬው የማረሻውን ስፋትና ጥልቀት በዚያው ለክቶ ያስተካክልበታል። ስቶንሊ በተባለ ቦታም የማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ትራክተሩንና መሣሪያዎቹን በትክክል መጠቀም ይሰጥ ነበር። ጥሩ መሣሪያ ላልሠለጠነ እጅ መስጠት በቂ እንዳልሆነ ተገንዝበው ነበር ማለት ነው።

በ1953 ፈርጉሰን ኩባንያውን ከካናዳው ማሴ ሃሪስ ጋር ቀላቀለ። በኋላ የተቀላቀለው ኩባንያ ማሴ ፈርጉሰን ተባለ። እሱ ራሱ ግን በ1954 ከኩባንያው ለቀቀ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ፊቱን ወደ መኪና መለሰ። አራቱም ጎማዎች ኃይል የሚያገኙበትን፣ ፍሬን ሲያዝም ጎማ የማይቆለፍበትን መኪና ለመሥራት ጣረ፤ ዓላማው በመንገድ ላይ የሚደርሰውን አደጋ መቀነስ ነበር። ከእሱ የምርምር ተቋም የወጣው አሠራር በ1966 በእንግሊዝ መኪና ላይ ተገጥሞ ለገበያ ቀረበ። ፈርጉሰን ግን ይህን አላየም። ኦክቶበር 25 ቀን 1960 በእንግሊዝ፣ ግሎስተርሻየር በሚገኘው መኖሪያ ቤቱ በ75 ዓመቱ አረፈ።

ያልፈታው ችግር

የፈርጉሰን ማያያዣ ዛሬ ዓለም አቀፍ መለኪያ ወጥቶለት የየትኛውም አገር ትራክተር ይጠቀምበታል። ይሁን እንጂ የትራክተር አደጋ አልጠፋም። አንደኛው ምክንያት ማያያዣው የሚከላከለው ትራክተሩ በሦስቱ ክንዶች የተያያዘ መሣሪያ ይዞ ሲያርስ ለሚደርሰው ብቻ መሆኑ ነው። ግንድ ወይም የተቀበረ ተሽከርካሪ በላይኛው ክንድ መያዣ ወይም በኋላ ጎማው ዘንግ ላይ በሰንሰለት አስሮ የሚጎትት ኦፕሬተር የፈርጉሰንን ሥራ አፍርሶ ወደ 1917 ተመለሰ ማለት ነው። ትራክተሩም እንደ ጥንቱ ፎርድሰን ወደ ኋላ ይነሳል።

ሁለተኛው ምክንያት የጎን መገልበጥ ነው። ተዳፋት ላይ፣ ቦይ ዳር፣ ወይም በፍጥነት ሲታጠፍ የሚደርሰውን መገልበጥ ማያያዣው አያስቀረውም። ግራጫዋ ቲኢ 20ም ብትሆን አሽከርካሪውን የሚጋርድ ነገር አልነበራትም። መልሱ የተገኘው ከሌላ አገር ነው። ስዊድን በ1959 አዲስ ትራክተር ሁሉ ከአሽከርካሪው በላይ ጠንካራ የብረት ፍሬም እንዲኖረው አስገደደች። ፍሬሙ ትራክተሩ ቢገለበጥም ለአሽከርካሪው የመትረፊያ ቦታ ይጠብቅለታል። በዚያ አገር በመገልበጥ የሚሞተው ሰው በዓመታት ውስጥ እጅግ ቀነሰ። ብሪታኒያም ከ1970 ጀምሮ ለአዳዲስ ትራክተሮች ተመሳሳይ ግዴታ አወጣች።

ለዛሬው ኦፕሬተር የተረፈው ትምህርት

ከፈርጉሰን ሕይወትና ከእሱ በኋላ ከመጣው ልምድ ትራክተር የሚያሽከረክር ሁሉ የሚከተሉትን ሊያስታውስ ይገባል።

የሚጎተት ነገር ሁሉ መታሰር ያለበት ዝቅ ብሎ ከሚገኘው መጎተቻ ብረት ላይ ብቻ ነው። ከላይኛው ክንድ መያዣ፣ ከዘንጉ ወይም ከወንበሩ አካባቢ ማሰር ሞትን መጥራት ነው።

በክረምት በመረሬ አፈር ላይ ትራክተር ሲያዝ ከኋላ ጎማው ሥር እንጨት አስሮ ወደፊት ለመውጣት መታገል የተለመደ ነው። ጎማው እንጨቱን ይዞ መዞር ሲያቅተው የሚዞረው ትራክተሩ ነው። የሚሻለው በኋላ ማርሽ ቀስ ብሎ ለመውጣት መሞከር፣ ካልሆነም አፈሩን ቆፍሮ ወይም በሌላ ትራክተር ተጎትቶ መውጣት ነው።

ፍሪሲዮን በድንገት አይለቀቅም፤ በተለይ ዳገት ላይና ጭነት ሲኖር። ማረሻ ሲያዝ ነዳጅ መጨመር ሳይሆን ፍሪሲዮን ረግጦ መቆም፣ ማረሻውን ማንሳትና ምክንያቱን ማየት ይገባል።

የመገልበጥ መከላከያ ፍሬም ያለው ትራክተር ላይ የደህንነት ቀበቶ መታሰር አለበት፤ ያለ ቀበቶ አሽከርካሪው ከፍሬሙ ውጭ ተወርውሮ በራሱ ትራክተር ሊጨፈለቅ ይችላል። ፍሬም በሌለው ወይም ፍሬሙ በታጠፈ ትራክተር ላይ ግን ቀበቶ አይታሰርም። ለጥላ ተብሎ የተገጠመ ቆርቆሮ መከላከያ ፍሬም አይደለም።

በዋና መንገድ ላይ ሲጓዙ የግራና የቀኝ ጎማ ፍሬን ፔዳሎችን አንድ ላይ ማያያዝ ያስፈልጋል። በማሳ ላይ ለመታጠፍ የሚጠቅመው የአንድ ጎማ ፍሬን በመንገድ ፍጥነት ላይ ትራክተሩን ይገለብጣል።

የኃይል ማስተላለፊያ ዘንግ በደቂቃ 540 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 9 ጊዜ ይዞራል። ጋቢ፣ ነጠላ ወይም የተንጠለጠለ ገመድ ከያዘ ሰውየው እጁን እስኪያነሳ ድረስ ይጠቀልለዋል። ሽፋኑ የወለቀ ዘንግ ሽፋኑ እስኪመለስ ድረስ መሥራት የለበትም።

በሃይድሮሊክ የተነሳ መሣሪያ ሥር ማንም አይገባም። ኦፕሬተሩ ከመውረዱ በፊት መሣሪያውን መሬት ያሳርፋል፣ ሞተሩን ያጠፋል፣ የእጅ ፍሬኑን ይይዛል።

በጎማ ሽፋንና በማያያዣው ላይ ሰው አይጫንም። ልጆች ደግሞ ለመዝናናትም ቢሆን ወደ ትራክተር መውጣት የለባቸውም። ወንበሩ አንድ ነው፤ የተሠራውም ለአንድ ሰው ነው።

ሃሪ ፈርጉሰን ከሞተ ከስድሳ ዓመታት በላይ አልፈዋል። ሦስቱ ክንዶች ግን ዛሬም በየማሳው እየሠሩ ናቸው። ማረሻው በተያዘ ቁጥር የትራክተሩን ፊት ወደ መሬት ይጫናሉ፤ አራሹም ምን እንዳዳነው ሳያውቅ ፈሩን ጨርሶ ይመለሳል። ክንዶቹ የሚያድኑት ግን እሱ ባሰበላቸው መንገድ ለሚያያይዝባቸው ኦፕሬተር ነው። ሰንሰለቱን ከፍ አድርጎ ለሚያስር ሰው የፈርጉሰን ዕድሜ ልክ ድካም ምንም አይጠቅመውም።